የኤዲልሳ ሁለት ወንበር

ኤዲልሳ በኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ የረገጠችው ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ደራርባ ይዛ ነው። መቶ ስልሳ ኪሎ ስለሆነች አንዱ ብቻ አይችላትም። የሰፈሯ ሰዎችም ማታ ማታ ደጅ ላይ ነፋስ ሲቀበሉ ሁለት ደርበው ያስቀምጡላታል። የሱቅ ወንበር ግን አታምንም።

ሻጩ ዊልፍሪዶ የመሮጫ ማሽን አሳያት።

«ጉልበቴ ተበልቷል፤ የሚደበድበኝ አልፈልግም» አለችው።

ኮርቻው መዳፍ የማያህል ብስክሌት አመጣላት።

«ይሄንን ለድመትህ።»

ጥግ ላይ ሰፊ መቀመጫና መደገፊያ ያለው፣ እግር ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት ዝቅ ያለ ብስክሌት አየች።

«ያስ?»

«ሁለት መቶ ኪሎ ይችላል ይላል ጽሑፉ። ግን እትዬ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቀነስ ብለው ቢመጡ አይሻልም?»

ኤዲልሳ ወንበሮቿን አስቀምጣ ዘና ብላ ተቀመጠች። «ቀንሼማ ምን ይሠራልኛል? በል ጓደኛህን ጥራና አብራችሁ ውጡበት። ሁለታችሁ ተደምራችሁ እኔን ታክላላችሁ።»

ዊልፍሪዶ ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። የሥራ ባልደረባውን ጠራ፤ ሁለቱ ጎረምሶች አንዱ ሌላው ጭን ላይ ተቀምጠው፣ ገበያተኛው እያያቸው ፔዳሉን አዞሩት። ብረቱ ሲጥ አላለም።

«ውረዱ» አለች። ራሷ ወጥታ ጀርባዋን አስደግፋ ነዳች፤ ነዳች፤ ጉልበቷ ዝም አለ።

«ይሄንን እወስዳለሁ።»

ልትወጣ ስትል ዊልፍሪዶ ወንበሮቿን አንስቶ ተከተላት።

«ተዋቸው፣ እዚሁ ይሁኑ» አለችው። «ነገ እኔን የምታክል ሴት ስትመጣ፣ ቀንሰሽ ነይ ከማለትህ በፊት ተቀመጪ በላት።»