ግራ ያለውን ቀኝ አልኩት

ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን በየዓመቱ እየዘለልኳት እዚህ ደርሻለሁ። ሚስቴም አታውቃትም። ኃጢአቴ አንዲት ቃል ናት። ትንሽ ስለሆነች ነው የዘለልኳት? አይደለም፤ ላነሳት ስል ዲንሳ ፊቴ ስለሚቆም ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ከነቀምቴ ወጣ ብሎ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበረ፤ እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የሰፈረ ጸሐፊ ስለነበር አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከሰፈር፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት አግኝቻለሁ። የካምፑ ኢንጂነር፣ ፈረንጁ፣ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ካልተጫወተ ቀኑ አይመሽለትም። ሜዳውን አሳጭዶ እኔንና ዲንሳን ያለማምደን ጀመር።

ዲንሳ ከነቀምቴ ወዲያ፣ በጊዳ አያና መንገድ ያለችው የኡኬ ሰው ነው፤ በካምፑ ጫካ ይመነጥር ነበር። በገና በዓል የዱላ ጨዋታ እሱ የቆመበት ወገን አይሸነፍም። እውነትም ዱላ ሲጨብጥ ሌላ ሰው ይሆናል። እንግሊዝኛ የሚባል አያውቅም፤ አማርኛውም ከሰላምታ አያልፍም። ወባ ጥሎኝ በተኛሁ ጊዜ ከኡኬ ድረስ ማር ተሸክሞልኝ የመጣው እሱ ነው። ይህንንም እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

አንድ ቀን ኢንጂነሩ፣ አዲስ አበባ ካለ የጎልፍ ሜዳ ሰው እንደሚመጣና ከሁለታችን የሚሻለውን ረዳት አሰልጣኝ አድርጎ እንደሚወስድ ነገረን። የሚሻለው ማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። እኔ ግን ከነቀምቴ መውጣት እፈልግ ነበር፤ ክፉኛ እፈልግ ነበር።

በዚያው ሳምንት ኢንጂነሩን ወገቡን ያዘው። ወንበር ላይ ተቀምጦ በቃል ብቻ ያስተምረን ጀመር። ለዲንሳ የቀረችው አንዲት ነገር ናት፤ ዱላው ኳሷን በሚነካባት ቅጽበት የሰውነቱ አቋም። ያቺ ቅጽበት ለዓይን አትያዝም፤ ሰው ካልነገረህ አይተህ አትቀዳትም። ሰውየው ሊደርስ ሲል ኢንጂነሩ እንዲህ አለ፦ ዳሌው ወደ ዒላማው ዞር ይበል፤ እጆቹ ከኳሷ ይቅደሙ፤ ራሱ ከኳሷ ኋላ ይቅር፤ የሰውነቱ ክብደት ግን ግራ እግሩ ላይ ይረፍ።

ዳሌውን በትክክል ተረጎምኩ። እጁንም፣ ራሱንም። እግሩ ላይ ስደርስ «ሚላ ሚርጋ» አልኩት። ቀኝ እግር። ምላሴ አዳልጦኝ ነው? አላዳለጠኝም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ አስቤ ነው ያልኩት። ዲንሳም አልተጠራጠረም። በእኛ ዘንድ የሚሰጠውም የሚቀበሉትም በቀኝ ነው፤ ግራ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይልቅ ደግሞ ይጠይቀኝ ነበር።

ሰውየው መጣ። ዲንሳ ቀኝ እግሩ ላይ ተተክሎ ሰነዘረ። ዱላው ከኳሷ ኋላ መሬቱን ቆፈረው፤ ኳሷ እዚያው ቀረች።

«ሌፍት! ሌፍት!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ ከወንበሩ፤ ግራ ማለቱ ነው።

ዲንሳ ወደ እኔ ዞረ። ላብ አጥምቆታል። «ማል ጄዼ?» አለኝ፤ ምን አለ?

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። «ቢታ» ብል፣ ግራ ብል፣ ይበቃ ነበር። ዓይኖቹን አየኋቸው፤ ያምኑኛል። «ቀኝህን ጠበቅ አድርግ ነው የሚልህ» አልኩት በገዛ ቋንቋው። ደግሞ ሰነዘረ፤ ደግሞ አፈር ረጨ። ሦስተኛውም ያው ሆነ።

«ይሄ ሰው አይሰማም እንዴ?» አለኝ ኢንጂነሩ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

«እኔማ ነግሬዋለሁ» አልኩት።

ተራዬ ሲደርስ ግራ እግሬ ላይ አርፌ መታሁ። አዲስ አበባ ሄድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ «ግራ እግርህ ላይ እረፍ» እያሉ ሰው ማስተማር ሆነ። በቀን ስንቴ እላት እንደነበር እግዜር ይወቀው። ለዲንሳ ግን አንዴም አላልኳትም።

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ወደ ጊዳ አያና ስሄድ አውቶቡሱ ኡኬ ላይ ቆመና ወረድ አልኩ። ዲንሳ፣ አርጅቶ፣ የትንሽ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። አየኝና «ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ!» ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«ያኔ አንተ ደህና አድርገህ ነግረኸኝ ነበር» አለኝ። «እምቢ ያለኝ የገዛ ሰውነቴ ነው። ግን ያ ፈረንጅ የሚጮህብኝ፣ ‹ሌፍት› የሚለው፣ ምን ማለት ነበር? ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።»

ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ ማለት ነው። ማን እንደኔ ሁለቴ ተሰጥቶት ያውቃል?

«በርታ ማለት ነው» አልኩት።

የዲንሳ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ የሚሰድበኝ መስሎኝ ስንት ዓመት ተቀይሜው ኖርኩ!» አለ። ልጅቷ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እንደምትገባ ነገረኝ፤ ወደ እሷም ጎንበስ ብሎ ራሷን እያሻሸ «ሌፍት እሺ! ሌፍት!» አላት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የዲንሳ ነው፤ እሱ ደግሞ ይቅር የሚለው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን አስተማሪው ያቺን ቃል ሰሌዳ ላይ ይጽፋታል፤ ልጅቷም ትርጉሟን ይዛ ቤቷ ትገባለች። አውቶቡሱ ዛሬም በየጠዋቱ ወደ ኡኬ ይወጣል፤ እኔ ግን የእኔን ኑዛዜ አንዲት ሕፃን እስክትናገርልኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።