የአባቷ ካቻቢቴ

የአውሮፕላን መጠገኛው ሀንጋር ሰዎች «ኢንጂነሯ» ይሏታል፤ ለማሾፍ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ስትፈታና ስትገጥም የኖረች መካኒክ ናት። መመሪያው «ይህን ብሎን ይህን ያህል አጥብቅ» ይላል፤ እሷ ግን ለምን ያን ያህል እንደሆነ ካልገባት እህል ውሃ አይወርድላትም። ክንፉን የሚነድፉት፣ ጭራው ምን ያህል ነፋስ እንደሚችል የሚያሰሉት የኤሮስፔስ ኢንጂነሮች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ልትሆን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት የአለቃዋ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤው የሚገባበት የመጨረሻ ሰዓት ያን ዕለት አሥር ሰዓት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሠላሳ ዓመት ያለፈውን አይቀበልም፤ እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሠላሳ አንድ ሊሞላት ነው።

ጠዋት ሥራዋን ጨርሳ የመሣሪያ ሣጥኗን አስቆጠረች። በሣጥኑ ስፖንጅ ላይ ለያንዳንዱ መሣሪያ በልኩ የተቆረጠ ቦታ አለ፤ አንዱ ባዶ ከሆነ አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ሞልቷል። ተቆጣጣሪው ፈረመ፤ አውሮፕላኑን ጎትተው ማውጣት ጀመሩ።

ያኔ እጇን ወደ ደረት ኪሷ ሰደደችና ክው አለች።

ሬዲዮ ጠጋኙ አባቷ ሥራ የጀመረች ቀን የሰጧት ትንሽ ካቻቢቴ የለችም። የግል መሣሪያ ማስገባት ክልክል መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ግን የአባት ስጦታን ማን ቤቱ ጥሎ ይወጣል? ሣጥኑ ውስጥ ቦታ ስለሌላት የሚቆጥራት የለም፤ የሚፈልጋትም የለም። ጭራው ውስጥ ደግሞ ስትሠራ ጎንበስ ብላ ነበር።

ዝም ብትልስ? ምናልባት ካፍቴሪያ ጥላት ይሆናል። እንዲህ በማሰቧ በራሷ አፈረች። ወደ አለቃዋ ቢሮ ሄደች። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አለቃው እስክሪብቶ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑን ያስቁሙልኝ» አለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

ነገረቻቸው። ሰምተው ሳይጨርሱ ስልኩን አነሡ።

ጭራው እንደገና ተፈታ። ከአራት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ካቻቢቴዋ ተገኘች፤ ጭራውን ከሚያንቀሳቅሰው ገመድ ሁለት ጣት ርቃ ተጋድማለች። ተንሸራታ ብትሰነቀር ኖሮ ፓይለቱ ጭራውን ማዘዝ አይችልም ነበር።

«ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እኔም ብሆን እንጃ» አሉ አለቃው። «ግን ልጄ፣ የዛሬውን ሪፖርት በጻፍኩበት እጄ ለጥንቃቄሽ ምስክር ነኝ ብዬ ልፈርም?»

«አይችሉም» አለች። እውነታቸውን ነበር፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ካቻቢቴዋን መለሱላትና ዳግም እዚህ እንዳላያት አሏት።

ማታ ቤት ስትደርስ አባቷ በር ላይ ጠበቋት።

«እህ፣ ፈረሙልሽ?»

«ካቻቢቴዋ ጠፍታብኝ ነበር፣ አባባ» ብላ ገብታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻትና እንባዋ መጣ። 

አባቷ አንሥተው በሸሚዛቸው ጠረጓት።

«ይኸው ተገኝታ የለ እንዴ! ለዚች ነው የምታለቅሺው? ብትጠፋስ ምን ችግር አለው፣ የኔ ልጅ? እንደሷ ያለ አንድ ጣሳ ሙሉ አለኝ።»