ደረጀ ድንኳን የተከለ ዕለት

ድንኳን ማለት በምሰሶና በገመድ የሚቆም፣ ሰው ተሰብስቦ የሚያለቅስበት ወይም የሚጨፍርበት ሸራ ነው። በስደት አገር፣ ዮቪል በሚባል ሰፈር አብረን ቤት የተከራየነው ደረጀ ግን ስዊድን ተምሮ ስለመጣ ሦስተኛ ትርጉም ያውቃል። እዚያ አገር ማንም ሰው ባገኘው ጫካ ድንኳን ተክሎ ቢያድር ሕጉ ይፈቅድለታል እያለ የኛን ጠባብ ክፍል ሲንቅ ከረመ።

በኮሮና ሰሞን ቤት መዋል ሲሰለቸው "ተፈጥሮ የማንም አይደለችም" ብሎ ከበራችን ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ካለው ሣር ላይ ድንኳኑን ተከለ።

ቀድመው የደረሱት ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። በክርናቸው ነካ አድርገውት "ልጄ፣ ምነው ሳትነግረን?" አሉት።

"ኧረ ጋሼ፣ ልተኛበት ነው።"

"አይ ኀዘን፣ ያላናገረው የለም" ብለው ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ያያቸው ሐበሻ ሁሉ እየመጣ ሣሩን ሞላው። አንዷ ንፍሮ ይዛ መጣች።

ከዚያ ፖሊስ ደረሰ። ያን ጊዜ ሰው ተሰብስቦ የማይታሰረው ለቀብርና ለኀዘን ከሆነ ብቻ ነበር። የደረጀ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል፤ ከተያዘ መባረሩ ነው።

"ይሄ ድንኳን የምንድን ነው?" አለ ፖሊሱ።

ደረጀ ካቴናውን አየ፣ አልቃሾቹን አየ።

"አባቴ ሞተው ነው" አለ።

አባትየው አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ በሙሉ ጤንነት አሉ። እኛ ግን አልቅሰን ቀበርናቸው።