የአምስት ቤት ቃል

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ሃያን አልፎ ሚስት ታጭታለት፣ ጤፉም ጌሾውም ተሰናድቶ፣ ለሠርጉ ጥምቀት እስኪያልፍ ብቻ ነበር የምንጠብቀው።

በደብራችን ጭቃ ሹም የሚመረጠው በየዓመቱ በመንደር ነው። ሦስት መንደር ነን፤ ሁለቱ ትልልቅ ናቸው፣ የእኛ ግን ከወንዝ ማዶ ተለይታ የቆመች አምስት ቤት ናት። አርባ ቤት ያለውም አንድ ቃል፣ አምስት ቤት ያላትም አንድ ቃል ትሰጣለች። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ይስማሙና እኛን የሚጠይቅ የለም። በዚያ ዓመት ግን የላይኛው መንደር አንድ ኃይለኛ ሰው ሲል፣ የታችኛው የአባቴን ታላቅ ወንድም አለ። ነገሩ እኛ ላይ ወደቀ።

«አንድ ድግስ በልታ የማትጨርስ መንደር ሹም ልትሾምልን ነው» እያሉ ሳቁብን።

እኛ ቤት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩ ነበርና፣ ግንድና ከሰል የሚያወርድ ሰው ከየደብሩ ይጠየቃል። ማን እንደሚሄድ የሚለየው ጭቃ ሹሙ ነው፤ የሄደም ሁሉ አይመለስም። አባቴ፣ ወንድማቸው ከተሾሙ ልጃቸው እንደሚቀርላቸው አምነዋል። ለእናቴም ይህንኑ ነግረዋታል።

ጎረቤቶቻችንን ደጃችን ሰብስበው ግን ሌላ አሉ። «ወንድሜ ስለሆኑ አይደለም። ለወገናቸው የማያደሉ ሰው ናቸው፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ።»

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከበሩ ጥግ ሆነው «እንዲያ ከሆነማ አንተ ምን ትጠቀማለህ፣ ልጄ?» አሉ።

ሰዉ ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ። አምስቱም ቤት ተስማማ። በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ከደጀ ሰላሙ ቆመው የመንደራችንን ቃል ሰጡ፤ አጎቴም ተሾሙ። እናቴ ያን ቀን ስትዘፍን ሰማኋት።

የገና በዓል ሳይደርስ ከጋፋት ስድስት ሰው ላኩ የሚል ትእዛዝ መጣ። አጎቴ ሕዝቡን ዋርካ ሥር ሰበሰቡ። ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም።

«ሹም ከራሱ ቤት ይጀምራል» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ልጄ ነው። እሱን ጻፉ።»

አባቴ ተነሡ። «አያ፣ ሠርጉ እኮ ወር አልቀረውም።»

«የሌላውስ ልጅ ሠርግ የለውም? ለወገናቸው አያደሉም ብለህ ያሾምከኝ አንተ ነህ። ዛሬ ላድላ?»

አባቴ ቆመው ቆዩ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ቃላቸውን እንዳይክዱት የተናገሩት በአምስት ቤት ፊት ነው፤ ተቀመጡ።

ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት ሄደ። እናቴ የቋጠረችለትን በሶ ፈታ መልሳ ስትቋጥር አየና «እማዬ፣ ሙሽራዋ እንዳትሰለች ተረት ንገሪልኝ» አላት። እኔን ጆሮዬን ቆንጥጦኝ ወንዙን ተሻገረ።

በሦስተኛው ሳምንት አብረውት ከሄዱት ሁለቱ መጡ። ግንድ ቁልቁል ሲያወርዱ የሚጎትቱበት ጠፍር ተበጥሶ ግንዱ ተንከባሎበት ነበር። እዚያው ቀብረውታል። ሁለቱም ይህን ሲነግሩን አልተቀመጡም፤ ቆመው ነገሩን፣ ቆመው አለቀሱ።

እናቴ አጎቴን አልረገመችም። አባቴን ብቻ፣ ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ፣ «ለሰው ያልነው አንድ ነው፣ በልባችን የያዝነው ሌላ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰው በተሰበሰበበት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ዓመት ማረስም አቃታቸው።

አጎቴ ዓመቱ ሲሞላ ሹመታቸውን አስረከቡ። ከዚያ በፊት ግን፣ የዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ፣ በሬዎቻቸውን ነድተው ወንዙን ተሻገሩና፣ ማንንም ሳያናግሩ የእኛን ማሳ አርሰው ጨረሱ። ከዚያ ወደ ራሳቸው ማሳ ሄዱ። እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ አደረጉ።