አልፎ የሚያይ ካሜራ

በሰፈሩ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ፈገግ በሉ» ይለዋል። ስቱዲዮው ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ በመድኃኒት ቤትና በጫማ መሸጫ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት ናት። እዚያች ቤት ውስጥ እናታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው ፎቶ የተነሡ ሕፃናት አድገው ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይዘው ይመጣሉ። የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ፈገግታ ሲለምን የሚውለው ሰው ራሱ ጥርሱን አያሳይም። ባለቤቱ፣ «ለሰው ስታድል ለራስህ ሳታስቀር ቀርተህ ነው» እያለች ትቀልድበታለች። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከስቱዲዮው ጀርባ፣ በመጋረጃ በተከፈለችው ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይተያዩ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ ይውላሉ።

ዓይኑ መድከም የጀመረው ቀስ በቀስ ነበር። መንገድ ላይ ከጎኑ የሚመጣ ሰው ድንገት ከመሬት የበቀለ ይመስለዋል። የበሩ መቃን ትከሻውን ይመታዋል። መጀመሪያ «አቧራ ነው» አለ፤ ቆይቶ «እንቅልፍ ማጣት ነው» አለ፤ ከዚያ «ዕድሜ ነው» ብሎ ተወው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አንድ ቀን በአሮጌው ካሜራ ያነሣው የቤተሰብ ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ደብዝዞ አገኘው። በዚያ ካሜራ ፎከሱን የሚያስተካክለው ሌንሱን በጣቱ እያዞረ፣ በገዛ ዓይኑ እየለካ ነበር። ዓይኑ ጠርቷል ያለው አልጠራም። ፎቶውን ደበቀና ሰበብ ፈጥሮ ቤተሰቡን እንደገና አነሣቸው። ለባለቤቱ ግን ትንፍሽ አላለም። ድሮ ሲምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ነበር የሚለው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን መሐላ ተወ።

አዲሱን ካሜራ የገዛው በዚህ የተነሣ ነው። ለጠየቀው ሁሉ «ዘመኑ ነው፣ ምን ይደረግ» ይል ነበር። እውነቱ ግን ሻጩ የነገረው አንድ ነገር ነው፤ ካሜራው የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ፎከሱንም ራሱ ያስተካክላል፤ ለአንሺው የሚቀረው መጫን ብቻ ነው። ወደ ቤት ይዞት እንደገባ ባለቤቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሞከረው። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሳጥን እንደ ዝንብ መጥታ ዓይኗ ላይ አረፈች። ፊቷን ብታዞር ተከተለቻት። ጢት አለ ካሜራው፤ ይዣለሁ ማለቱ ነው።

«ዓይንህ ምነው እንባ አቀረረ?» አለችው።

«አምፖሉ ነው።»

በትንሿ ስክሪን ላይ ሲያየው ፎቶው ሁሉ ጥርት ያለ ነበር። ወይም ጥርት ያለ መሰለው።

በካሜራው ያነሣው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ የጎረቤቱ ሠርግ ነው። ሙሽራዋ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት። እናቷ የሞተችው በሕፃንነቷ ስለሆነ ያሳደጋት አባቷ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዝምተኛ፣ ሰው መሀል መቆም የማይወድ ሰው። ፎቶ አንሺው ቀኑን ሙሉ ያችን አረንጓዴ ሳጥን አምኖ ሠራ። እሷ ያረፈችበት ላይ ይጫናል፤ ጢት ይላል፤ ያልፋል።

ሠርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ የሙሽራዋ አባት እንደተኛ በዚያው ቀረ። ሕመም አልነበረውም፤ ማንም አልጠበቀውም። ልጁ ሐዘኗ ትንሽ በረድ ሲልላት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወደ ስቱዲዮው መጣች።

«ጋሼ፣ እኔና አባዬ ለብቻችን የተነሣነውን በትልቁ ያሳትሙልኝ። ሳሎን ልሰቅለው ነው።»

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋላት። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ከኋላችን ያለው መጋረጃ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። የአባዬ ፊት ግን...» አልጨረሰችውም።

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዶ አፍንጫው ስር አስጠጋው። መጋረጃውንም የሰውየውንም ፊት ለመለየት ታገለ። ልቡን የሰበረው ፎቶው መበላሸቱ ብቻ አልነበረም፤ እሷ ባንድ አፍታ ያየችውን እሱ ማየት አለመቻሉ ነው።

«ሌላ አላጣም፣ ልፈልግልሽ» አለ። ሌሎቹንም አብረው ከፍተው አዩዋቸው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን የቆሙባቸው ሁሉ እንደዚያው ነበሩ።

«እንደገና አነሣችኋለሁ እንዳይሉኝ፣ እሱ የለም» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ እሱ ግን ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ካሜራውን አቅፎ ወደ ጥገና ቤቱ ሄደ። እንግዳ ተቀባዩ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ማዶ ያለውን ሕንፃ አነሣና አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጤነኛ ነው። ከአያያዝ ይሆናል። እጅዎ ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

አልተከራከረም። የፈራውን ነገር ሌላ ሰው አፍ አውጥቶ ሲነግረው ፍርድ የተነበበለት ያህል ነበር። ቤት ሲደርስ ከግድግዳው ላይ የናሙና ፎቶዎቹን ማውረድ ጀመረ። ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ባለቤቱ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ብቅ አለች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ስቱዲዮው ይብቃኝ። ካሜራው ጤነኛ ነው አሉኝ።»

«አንተስ?»

ሌላ ፎቶ ከግድግዳው ነቀለ።

«ዓይንህን ነው የምጠይቅህ» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ አንተ አልነበርክም? ካቆምክ እኮ ከረምክ። ስጠራህ ‹ሥራ ይዣለሁ› ትለኛለህ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ደንበኛ የለም፣ እሰማለሁ። ራሱ ይንገረኝ ብዬ ነው የጠበቅሁህ።»

ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ከጎን እያነሰ የሚመጣውን ዓለም፣ የደበቀውን ፎቶ፣ ካሜራውን ለምን እንደገዛው።

«ማየት የተሳነው ፎቶ አንሺ ምን ተብሎ ይጠራል?» አላት።

ያወረዳቸውን ፎቶዎች ሰብስባ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ቆመች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች። «ሁለቱንም እናሳያለን። ዓይንህንም ካሜራውንም። የትኛው እንደታመመ ሳናውቅ አናለቅስም።»

ጥገና ቤቱ አብራው ሄደች። እንግዳ ተቀባዩ ያንኑ ሊደግም ሲል እጇን አነሣች። «ወንድሜ፣ እሱ የሚያነሣው የሰው ፊት ነው፣ ሕንፃ አይደለም። በል እኔን አንሣኝ።» ባንኮኒውን ተደግፋ ፊቷን ሰጠችው። አነሣትና ስክሪኑን አጎላው። ሌላ ደገመ። የጆሮዋ ጉትቻ ጥርት ብሏል፤ ዓይኗ ግን ጭጋግ ለብሷል።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ ወደ ባልየው ዞሮ፣ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሩቅ ያለ ነገር ላይ አይታወቅም።» ከዚያም ወደ ውስጥ አስገባቸው።

የውስጠኛዋ ክፍል ባለሙያ ማጉያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት። ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አሰረች፤ ፊት ለፊቱ ማስመሪያ አጋድማ አቆመችና መሀሉ ላይ ምልክት አደረገች። ካሜራው ምልክቱን እንዲይዝ አዛ አነሣችና በትልቅ ስክሪን ከፈተችው። ምልክቱ ደብዝዞ ከሱ ኋላ ያለው ቁጥር ጠርቶ ወጣ።

«አዩት? ካሜራው ሌንሱን በትክክል ነው የሚያዘው። ሌንሱ ግን ቁም ከተባለበት ቦታ ትንሽ ያልፋል። ውስጡ አንዲት ክፍል ላልታለች፤ ከፋብሪካ ነው ላልታ የመጣችው። ሁልጊዜ ከሚነሣው ሰው ኋላ ያለውን ነው የሚይዘው።»

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም?» አለ።

«ይሄኛው እርስዎ አይደሉም።» ትንሽ አመነታች። «ግን ጋሼ፣ ፎቶውን ሲያጎሉት ይታይ ነበር። እንዴት አመለጠዎት?»

ባለቤቱ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው።

«አላየሁትም» አለ። «ዓይኔ ደክሟል።» ለባዳ ሰው ሲናገረው ያ የመጀመሪያው ነው። ባለሙያዋ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ሌንሱን ፈታ ማስተካከል እንዳለባትና ካሜራው እሷ ዘንድ እንደሚቆይ ነገረችው።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ነበር። ከዚያ ድንገት ቀና አለ።

«ከኋላ ያለውን ነው የሚይዘው ብላለች አይደል?»

«አዎ።»

«የልጅቷ አባት እኮ መሀል መቆም አይወዱም ነበር። ሌላ ሰው ሳነሣ ከኋላ ቆመው ከሆነ...»

ከአውቶቡስ እንደወረዱ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ልጅቷን ጠራት። ሥራዋን ስትጨርስ መጣችና ከባለቤቱ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። እሱ ራቅ ብሎ፣ ቀኑን በሐሳቡ እየተከተለ ይመራቸው ነበር። «መኪናው ጋ አይደሉም... ምሳውን እለፉት... አክስቶችሽን ከአንቺ ጋር ያነሣሁበት ጋ ሂዱ፤ ያኔ ወደ ግድግዳው ሲሸሹ ትዝ ይለኛል።»

ባለቤቱ ስታጎላው ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ፊት ለፊት እሷና አክስቶቿ ነጭና ቀይ ጥላ ሆነው ደብዝዘዋል። ከኋላቸው፣ ግድግዳው ሥር፣ አባቷ ብቻውን ቆሟል። የሽበቱ ፀጉር፣ የኮቱ ክር፣ የዓይኑ ሥር መስመር ሁሉ ይታያል። በአንድ እጁ የሙሽራ ጫማዋን ጥንድ አድርጎ ይዟል። ካሜራውን አያይም፤ የሚያየው እሷን ነው።

«እግሬን ሲያመኝ አውልቄ የጣልኩት ነው» አለች ዝግ ብላ። «ማን እንዳነሣልኝ እንኳ አልጠየቅኩም።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ለፎቶ አንሺው ፎቶውን ባለቤቱ ነበረች በቃል የነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ልጄ» አለ፣ «የበደልኩሽን አልክድም። ካሜራው ታሞ ነበር፤ እኔም ታምሜያለሁ። የራሴን ቀድሜ ብነግርሽ ኖሮ በሌላ ሰው ትነሺ ነበር።»

ልጅቷ ምንም አይደል አላለችውም። «አዎ ጋሼ፣ ቅር ብሎኛል» አለች። «ከአባዬ ጋር አንድ የጠራ ፎቶ ቢኖረኝ እንዴት በወደድኩ። ግን ይሄንንስ ማን ያነሣልኝ ነበር?»

«እሳቸውን ብቻ ለይቼ ልቁረጥልሽ?» አለች ባለቤቱ።

«አይ፣ ተዪው። ብደበዝዝም አብሬው ልኑር።»

ከዚያ ወደ ዓይን ሐኪሙ ሄዱ። አገጩን ማሳረፊያው ላይ አስቀምጦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃን ሲያይ አረፈደ። ሐኪሙ አላባበለውም፤ ከዓይኑ የሄደው አይመለስም፣ የቀረው ግን የሚያዝለትን የዓይን ጠብታ ካላቋረጠ ሊቆይለት ይችላል። ቀድሞ ቢመጣ የተሻለ እንደነበርም ነገረው። ያቺን ቃል ይዞ ብዙ ጊዜ ተብሰለሰለ።

ካሜራው ተጠግኖ ሲመለስ ጤነኛ ሆኗል፤ ዓይን ሲይዝ ዓይን ነው የሚይዘው። እሱ ግን ሠርግ ማንሣት አቆመ። የሚመጡትን ወደ ላይኛው መንገድ ፎቶ አንሺ ይልካቸዋል፤ ድሮ «እሷ እኮ ሰውን ዱባ ታስመስላለች» እያለ ያማት የነበረችውን። አሁን ስቱዲዮው ውስጥ፣ ወንበሩና መብራቱ በማይነቃነቁበት ቦታ ላይ ብቻ ይሠራል። ትልቅ ስክሪን አስገብቶ ፊቱን ወደ ደንበኛው አዙሮታል። ለሚመጣው ሁሉ ሳይነሣ በፊት፣ «ዓይኔ ደካማ ነው፤ አብረን አይተን፣ ካልወደዱት እንደግመዋለን» ይላል። ይህን ሰምቶ የሚወጣ አለ። አንዳንድ ቀን የሚወጣው ከሚቀመጠው ይበልጣል፤ እነዚያ ቀናት ይከብዱታል። ምሽት ላይ ባለቤቱ ዓይኑ ውስጥ ጠብታውን ስታደርግለት ስንት ሰው እንደወጣ አትጠይቀውም።

በቀደም አንድ ሰውዬ ለመታወቂያ ሊነሣ መጥቶ፣ ስክሪኑ ላይ ራሱን አተኩሮ ካየ በኋላ፣ «ጠርቷል። እንዲያውም ከልክ በላይ ጠርቷል፤ ትንሽ ባይጠራ ደስ ይለኝ ነበር» አለው። ከመጋረጃው ጀርባ ባለቤቱ ስትስቅ ተሰማ። እሱም ፎቶውን ለኅትመት አዘዘና የሚቀጥለውን ደንበኛ ወደ ወንበሩ ጠራ።