ለእህቴ የገዛሁት በሬ

እኔ ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ፍርሃት ነው። ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ጨርቃ ጨርቅ ስሸጥ በኖርኩባቸው ዓመታት በሱቄ በር ያላለፈ ኮሚቴ የለም። የመስጊድ ኮሚቴ ይመጣል፣ ወላጅ ለሌላቸው የቲሞች የሚሰበስብ ማህበር ይመጣል፣ ለትምህርት ቤት አጥር የሚሰበስቡ መምህራን ይመጣሉ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ለመታከም ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ የሚዞር በሽተኛ ይመጣል። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው የሚመጡት ደግሞ ይብሳሉ፤ ልክ ሱቄ ፊት ቆመው ነው የሚጮሁት። ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን ብመልስ ሐሜቱን ስለምፈራ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ እቆነጥርላቸዋለሁ። ወላሂ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይኸን ሰው አቋቋምኩ የምለው አንድም አልነበረኝም።

ሞባይል ከሚሴ በገባ ሰሞን ነው ነገሩ ያንገሸገሸኝ። የዚያን ዓመት ዘካዬ፣ በየዓመቱ ከሀብቴ ላይ ለችግረኛ የማወጣው ግዴታዬ፣ የደረሰው መጋቢት ላይ ነበር። ታናሽ እህቴ ጨፋ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳትርቅ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል። ከሁለቱ በሬዎቿም አንዱ በበሽታ ሞተባትና መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ግማሹን ምርት እሱ ይወስዳል፤ በቀረው ግማሽ ሦስት ልጆች ታበላለች። የባሏ ወንድም ጥማዱ ከሞላልሽ እኔው አርስልሻለሁ ብሏታል። የጎደለው አንድ በሬ ነው።

ሄጄ ሼሁን ጠየቅኋቸው። ዘካ ለእናትና ለአባት፣ ለልጅም አይሆንም፤ ለተቸገረች እህት ግን ይሆናል፣ እንዲያውም ምንዳው ሁለት ነው፣ አንዱ የዘካው፣ ሌላው የዝምድናው አሉኝ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ የሚረባ ነገር ልሰጥ ነው።

እሁድ ሰንበቴ ገበያ ሄጄ፣ ከአፋር በኩል ከመጡት ነጋዴዎች ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጠንካራ በሬ ገዛሁ። ጓሮዬ አሰርኩትና ለእህቴ በገበያተኛ ላክሁባት፤ አራሹን ዘንድሮ አይሆንም በይው፣ ጁምዓ መጥተሽ በሬሽን ውሰጂ ብዬ። እሷም ሰውየውን አሰናበተችው። ይኸን ልብ በሉልኝ፤ በእኔ ቃል ነው ያሰናበተችው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ለአዲስ መስጊድ መዋጮ ተብሎ ሜዳው ላይ ሸራ ተወጠረ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀመጥን። እህቴም ማልዳ መጥታ ሴቶቹ መሃል ነበረች። እኔ ከራሴ ጋር ተማምያለሁ፤ የዘንድሮው የኔ ድርሻ ባለቤት አለው፣ ዛሬ አፌን አልከፍትም።

በኛ ዘንድ የሚሰጥ ሰው ብድግ ብሎ የሚሰጠውን ይናገራል። ሼሁ ዱዓ ያደርጉለታል፣ ሕዝቡም አሚን ይላል። አሚን ከተባለበት በኋላ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ የሚል ሰው በምን ፊቱ ከሚሴ ይኖራል? ከሱቄ ማዶ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ደንበኛ የሚሻማኝ ሰውዬ ተነሳና የጣሪያውን ቆርቆሮ በሙሉ እኔ እችላለሁ አለ። አላሁ አክበር የሚለው ተክቢራ ሜዳውን አናወጠው። ከዚያ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ማየት ብቻ። ያለኝ ሁሉ ዕቃ ላይ ነው፣ ኪሴ ባዶ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብድግ አልኩ። አፌን ይቁረጠውና፣

«ጓሮዬ የታሰረውን በሬ ለመስጊዱ ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ዱዓው ተጀመረ። እጄን እንደዘረጋሁ በጎን ወደ ሴቶቹ አየሁ። እህቴም እጇን ዘርግታ ከሰው እኩል አሚን ትላለች። እዚያው መሬቱ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ሲበተን ቤቴ መጣች። አካም ጅርታ ተባባልን፣ ለሚስቴ ያመጣችላትን እርጎ ሰጠቻት፣ ውሃ ጠጣች። ስለ በሬው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ልትስብበት ያመጣችው ገመድ ጫፉ ከልብሷ ስር ወጥቶ ይታየኛል፤ እንዳላየ ሆንኩ። መንገድ እንዳይመሽብኝ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሼሁ ዘንድ ሮጥኩ። የሰጠሁት እኮ ዘካዬን ነበር አልኳቸው። ዘካ ለመስጊድ ግንባታ አይሆንም፣ ዘካህ ገና አንገትህ ላይ ነው አሉኝ። ታዲያ በሬው ይመለስልኝ ስላቸው፣ በሬውማ አሚን ተብሎበታል አሉ። በዚህ ብዞር ግድግዳ፣ በዚያ ብዞር ግድግዳ ሆነብኝ። በሬው ታረደና መሠረት ለሚቆፍሩት ወጥ ተሠራበት። እኔንም ጠርተው ከፊት አስቀመጡኝ፤ እየተመረቅሁ ከስጋው በላሁ።

ዕቃዬ ተሸጦ ሌላ በሬ እስክገዛ ዝናቡ አልጠበቀኝም። ማሽላ ሲዘራ ጨፋ ሄድኩ። ያ የተሰናበተው አራሽ በስንት ልመና ተመልሶ እያረሰ ነው። ተቀይሞ ስለነበር እኩል መሆኑ ቀርቶ ለእህቴ ሲሶውን ብቻ ሊሰጣት ተስማምተዋል። ሲሶ ለአራት አፍ!

ደጃፏ ላይ ተቀመጥን። ይቅርታ ልጠይቃት መጥቼ፣ ጭራሽ እሷን ተቆጣኋት። ጥፋቱም የኔ፣ ቁጣውም የኔ።

«አንቺስ ለምን አሚን አልሽ? ዝም ብትዪ እኔም መመለሻ አገኝ ነበር» አልኳት።

«ከሰፈሬ የመጡት ሴቶች በሬ ልወስድ እንደመጣሁ ያውቃሉ። ሁሉም እኔን እያዩኝ ነበር። ምን ላድርግ?»

የምትለቅመውን ዘር ለቀም ለቀም አደረገች። ከዚያ ቀና ሳትል «ኦቦሌሳ ኮ» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ ሲከፋት ኦሮምኛው ይቀድማታል።

«ለኔ ብትሰጠኝማ ማን ያይልሃል?»

ቁጣ የለበትም፤ እውነት ጠይቃኝ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ሌላ በሬ ገዛሁላት። ከጓሮዬ ወደ ጨፋ የሚያወጣ አቋራጭ የእግር መንገድ አለ፤ ሰውም አይበዛበትም። እኔ ግን በአስፋልቱ፣ በመናኸሪያው በኩል፣ በዚያ ቆርቆሮውን በቻለው ሰውዬ ሱቅ ፊት ነው በሬውን የነዳሁት።