አጋሮ ላይ የፈነዳው ቡና

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጅማ ወደ አጋሮ የተነሣሁት ጎረቤቴን አዴ ዘሃራን ለማጀብ ነው። እኅታቸው አዴ ፋጡማ አጋሮ ይኖራሉ፤ ሁለቱ ከቀይ ሽብሩ ጊዜ ጀምሮ ተነጋግረው አያውቁም። የአዴ ዘሃራ ልጅ ሲገደል ማልቀስ እንኳ ተከልክሎ ነበርና እኅትየው ፈርተው ለቅሶ አልደረሱም። አሁን ሽማግሌዎች ተመላልሰው አግባቧቸው። የቀረው የእርቁን ቡና አብሮ መቅመስ ብቻ ነው፤ አዴ ዘሃራ ካልቀመሱ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው።

«ለምን እኔን መረጡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ ዝም ማለት ትችያለሽ። ሌላዋን ብወስድ ከእኔ በፊት ታርቃ ትጨርሳለች።»

መንገድ ላይ

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ይነሣል ተብሎ ሦስት ሊሆን ሲል ተነሣ። ጣሪያው ላይ ባዶ ጆንያ፣ ዶሮና አንድ የሽቦ አልጋ ተጭኗል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ስለሆነ ይመስለኛል፣ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም፤ በሩ ላይ ያለውን «መደገፍ ክልክል ነው» እንኳ ተደግፌ አነበብኩት።

ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ የአዴ ዘሃራን ዘንቢል ከፍቶ ቅቤ አገኘ።

«ለማን ነው?»

«ለእኅቴ።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እስከዚያ ድረስ «ያቺ አጋሮ ያለችው» ነበር የሚሏቸው።

የቡ የምትባለው ከተማ ላይ ሙዝ ገዛን፤ ከጅማው ይረክሳል፣ ደግሞም ይጣፍጣል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጥላ ነው፤ በትልልቁ ዛፍ ሥር ቡናው ቀልቷል፣ የተለቀመው በየደጁ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። አዴ ዘሃራ ሙዛቸውን እንደያዙ ሳይልጡት አጋሮ ደረስን።

አዴ ፋጡማ ቤት

«አሰላሙ አለይኩም» ተባባሉና ተራርቀው ተቀመጡ።

በዚህ አገር ለእርቅ «ቡና ቀላ» የሚባል ምግብ ይሠራል። ደረቅ ቡና ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ ይበላል እንጂ አይጠጣም። አስቀድሞ የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ በጥርስ ይነከሳል፤ ያልተነከሰ ከሆነ የጋለ ቅቤ ውስጥ ይፈነዳል። ሽማግሌው አባ ቢያ ይህን ሥራ ለሁለቱ እኅትማማቾች ሰጡ።

ፊት ለፊት ተቀምጠው ከአንድ ሰፌድ እያነሡ ነከሱ። እኔ ግን አየሁ፤ አዴ ፋጡማ ፍሬውን ከንፈራቸውን አስነክተው ብቻ ይመልሱታል። ልናገር አልኩና ተውኩት። የመጣሁት ዝም ልል ነው።

ቡናው ቅቤው ላይ ተገለበጠ፤ አባ ቢያ ምርቃት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ ጧ አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ። ቅቤው ግድግዳ መታ፤ አባ ቢያ ምርቃቱን አቋርጠው ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ።

«ፋጡማ፣ አልነከስሽም እንዴ?» አሉ አዴ ዘሃራ።

«በምን ልንከስ? የቀሩኝ ጥርሶች ሁለት ናቸው፤ እነሱም እንደ እኛ ተኳርፈዋል።»

አዴ ዘሃራ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቁ የቱ ጋ ወደ ለቅሶ እንደዞረ ልብ አላልኩም። አዴ ፋጡማ ተነሥተው አቀፏቸው።

«ፈራሁ፣ ዘሃራ። ፈርቼ ቀረሁ። አፉ በይኝ።»

የልጁን ስም እየጠሩ ያኔ ያልተለቀሰውን አለቀሱ። ዝም በሉ ያላቸው የለም። በመጨረሻ አዴ ዘሃራ ዓይናቸውን ጠረጉና እጃቸውን ወደ ቡናው ሰደዱ።

«እኔ የነከስኩትን ስጡኝ። የሷ ሆዴ ገብቶም ይፈነዳል።»

ቀመሱ። አባ ቢያም ምርቃቱን ካቋረጡበት ቀጠሉ።

መልስ

እሑድ ስንመለስ አዴ ዘሃራ ከአጋሮ እስከ የቡ አፋቸው አላረፈም፤ በልጅነታቸው ማን ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ ሁሉ አወቅሁ። እኔም መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር፤ እርቁ የሞተውን ልጅ አልመለሰላቸውም፣ ብቻቸውን ከማልቀስ ግን አወጣቸው። ያን ፍሬ አይቼ ዝም በማለቴም አልተጸጸትኩም።

ኬላው ላይ ያው ወታደር ዘንቢሉን ከፈተ። አሁን ያለው ማር ነው።

«ከማን ነው?»

«ከእኅቴ» አሉና፣ ሳይጠየቁ ጨመሩለት፦ «ጥርስ የላትም።»